ሞኝ የተከለውን

ለንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ይህን ጉዳይ አንስቼላቸው ነበር። «አባ፣ በወጣትነቴ ዛፍ ተክዬ ነበር» አልኳቸው። «ታዲያ እሰይ! ጽድቅ ነው እንጂ ይህ ምኑ ይናዘዛል?» ብለው ወደ ሌላው አለፉ። አልፈርድባቸውም። የሰረቀ፣ የገደለ፣ በሐሰት የመሰከረ ሰው ቀኖናው ይታወቃል፤ ዛፍ ለተከለ ሰው የተጻፈ ቀኖና ግን የለም። የኔ በደል አረንጓዴ ነው። ጥላ ይጥላል፣ ያብባል፣ ንብ ይቀስመዋል። በመኪና መስኮት የሚያየውን መንገደኛ «በረሃው እኮ ለመለመ!» ያሰኘዋል። ሰምቶ የሚደነግጥልኝ ካህን ስላጣሁ በአደባባይ መናዘዝ ግድ ሆነብኝ።

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለውን ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ካስተከሉት ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። በአካባቢው አንዳንዱ የደርግ ዛፍ ይለዋል፣ ሌላው የወያኔ ዛፍ ይለዋል፤ እንደ ዘመኑ ጥፋተኛው ይለዋወጣል። የኔ ስም ግን በአንዱም አልተጠራም። በመንግሥታት ስም ተሸፍኖ መኖር ይመቻል፤ እኔም ለብዙ ዓመት ተመችቶኝ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የ77ቱ ድርቅ ገና ከዓይናችን አልጠፋም፤ በየስብሰባው «በረሃው እየገሰገሰ ነው» ይባላል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። በደን ልማት ዲፕሎማዬን ይዤ አዋሽን ስሻገር ቆላን ከካርታ በቀር አላውቀውም ነበር። ለደጋ ልጅ ዛፍ የሌለው መሬት የተራቆተ ነው፤ በበጋ ቢጫ የሆነ ሣር ደግሞ የሞተ ነው። በዚህ ዓይን አፋርን ሳየው ባዶ ሆኖ ታየኝ። የመስክ ሪፖርቴ ላይም «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብዬ ሞላሁ።

የተነገረን ሁሉ ውሸት አልነበረም። ዛፉ መነሻው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና ካሪቢያን ነው። ድርቅ ይችላል፤ ጨው የበዛበት አፈር አይበግረውም፤ ነፋስ ይሰብራል፤ እንጨቱ ጥሩ ማገዶ ነው። ቢጫና ጣፋጭ ፍሬውን ከብት ይወደዋል። ቅጠሉን ግን ከብትም ፍየልም አይነካውም፤ ስለዚህ ያለአጥር ያድጋል። ይህን የመጨረሻውን በገዛ እጄ ከ«ጠንካራ ጎኖች» ተርታ ጽፌዋለሁ። ፍሬውን ይበሉታል፣ ቅጠሉን አይበሉትም፤ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠው ነበር። ዘሩን የሚያዞርለት እንስሳ አለ፣ ቡቃያውን የሚበላበት እንስሳ የለም ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ምርምር አያስፈልግም ነበር፤ የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ ይበቃ ነበር።

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በእጄ ላይ ነበር። የፕሮሶፒስ ዘር ቅርፊቱ ደንዳና ነው፤ እንዲሁ ቢዘሩት ቶሎ አይበቅልም። ስለዚህ ውሃ አፍልተን፣ ከእሳት አውርደን ዘሩን እንዘፈዝፈው ነበር። በማግሥቱ አብጦና ለስልሶ ሲገኝ በፖሊቲን ከረጢት አንድ አንድ እያደረግን እንዘራዋለን። አንዲት ላም ፍሬውን በልታ ሆዷ ውስጥ ያንኑ ሥራ እንደምትሠራው፣ ከዚያም በእበት ጠቅልላ ከነእርጥበቱ እግሯ ባደረሳት ሁሉ እንደምታስቀምጠው አልታየኝም። የኛ ችግኝ ጣቢያ አንድ ቦታ የቆመ ነበር። ዛፉ ግን ባለ አራት እግር ችግኝ ጣቢያዎች በየመንጋው ነበሩት።

አንድ ቀን በሜዳው ጫፍ ጉድጓድ ስናስቆፍር አንድ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን በትከሻቸው አጋድመው መጡ። ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያዩን ቆዩና በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

«ከብቶቻችን በየት ያልፋሉ?»

«በመሃል በመሃሉ ያልፋሉ፣ አባቴ። አራርቀን ነው የምንተክለው» አልኩ።

«አውሬውስ?»

አስተርጓሚው ፈገግ አለ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰው በተራበበት አገር ለሳላና ለሜዳ አህያ መንገድ የሚጨነቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም። እሳቸው አልሳቁም። «ካደገ በኋላስ ማን ያስቆመዋል?» ብለው ጨመሩ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ሳልመልስላቸውም ቀርቼ ይሆናል። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት ደረሰ፣ የትኛው ውሃ ደረቀ፣ ምን እንግዳ ነገር ወደ አገሩ ገባ። በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል። የሐሰት ወሬ ማቀበል ነውር ነው፤ ያስጠይቃልም። የበደሌን ስም ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሥርዓት በደንብ ሳውቅ ነው። «ይህ ዛፍ ይጠቅማችኋል» ብዬ ያቀበልኳቸው ወሬ በጆሮዬ የሰማሁት ብቻ ነበር። ዛፉ በግጦሽ መሬት ላይ አድጎ፣ ከብት ፍሬውን በልቶ፣ ዓመታት አልፈው የሚሆነውን አላየሁም። እንዳየሁት አድርጌ ነገርኳቸው። ዛፉን አለማወቄ ስህተት ነው፤ የሰማሁትን እንዳየሁት ማውራቴ ግን በደል ነው።

ባዶ ያልኩት መሬት ምን እንደነበረ ልናገር። ከአዋሽ ወንዝ ወዲያ አላይደጌ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ሣሩ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚበቅል ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ጉቶው ለዓመታት የሚኖር፣ በበጋ ላዩ ቢደርቅም ሥሩ ሕያው የሆነ ሣር ነው። ዝናብ ባካፋ በጥቂት ቀን ውስጥ ያቆጠቁጣል። በዚህ ሜዳ ላይ ሳላ ነበር፣ የሜዳ ፍየል ነበር፣ ሰጎን ነበር። የግሬቪ የሜዳ አህያም ነበር፤ ጆሮው ሰፊና ክብ፣ ዝንጉርጉሩ የጠበበ፣ ሆዱ ነጭ። በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ሲሆን የቀረውም 3,000 ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንዱን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ከላኩ በኋላ ነው። ለአንድ አገር መሪ ገጸ በረከት የሆነ እንስሳ የሚግጥበትን መሬት ነው «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ያልኩት።

እንስሳው ደግሞ ሣር ብቻ አይበቃውም። የምታጠባ የግሬቪ እናት በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ውሃ መጠጣት አለባት፤ ሌሎቹ እስከ አምስት ቀን ይታገሣሉ። ስለዚህ ከሣሩ ወደ ውሃው የሚያደርስ፣ አንበሳ ቢመጣ ከሩቅ የሚታይበት ግልጽ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለው መንገድ ኮሪደር ይባላል፤ ዛሬ ኮሪደር ሲባል ግን ለአዲስ አበባ ሰው የሚታየው የእግረኛ መንገድና መብራት ነው። የዱር እንስሳት መተላለፊያ ግን ምልክት የለውም። ሲዘጋ ካልሆነ መኖሩ አይታወቅም። በአፋር ሜዳ ላይ የከብቱ መንገድና የአውሬው መንገድ በብዙ ቦታ አንድ ነበር፤ በዝናብ ወደ ሜዳው፣ በበጋ ወደ ወንዙ። የሽማግሌው የመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ጥያቄ ነበሩ።

ያ መንገድ እኛ ስንደርስም ሰፊ አልነበረም። በወንዙ ዳር የነበረውን የበጋ ግጦሽ ብዙውን የጥጥ እርሻ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ይጠቀሙበት የነበረን መሬት ይዟል፤ ፓርኩን ራሱን ደግሞ የጅቡቲ መንገድ አቋርጦታል። የቀሩት በእርሻና በእርሻ፣ በመንደርና በመንደር መካከል ያሉ ክፍተቶች ነበሩ። እኛ የተከልነው በእነዚያው ክፍተቶች ውስጥ ነው፤ በቦዮች ጠርዝ፣ በመንገድ ዳር፣ በመንደር ዙሪያ። ቦታውን የመረጥነው ውሃ ስለሚቀርብና ለክትትል ስለሚመች ነበር። ሆን ብሎ የእንስሳቱን መንገድ ልዝጋ ያለ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አይመርጥም።

የጽድቀት መጠናችን በጣም ጥሩ ነበር። በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩ፣ ውሎ አበሌን አወራረድኩ፣ ብዙም ሳልቆይ ዝውውር አገኘሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከጥጥ እርሻዎቹ የተወሰኑት ጦም አደሩ። ታርሶ የለሰለሰ፣ ቦይ የገባለት፣ ጠባቂ የሌለው መሬት ለፕሮሶፒስ የተደገሰ ድግስ ሆነ። ጎርፉ ዘሩን ወደ ታች ወሰደው፣ ከብቱና ግመሉ ወደ ላይ ወሰዱት፣ ከርከሮውም የድርሻውን አዳረሰ።

ወደ ቦታው የተመለስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ። ከጥቅጥቁ ደን ርቄ፣ ገና ሣር በነበረበት ሜዳ ላይ የደረቀ እበት በጫማዬ ጫፍ ገለበጥኩ። ላዩ ተሰነጣጥቆ ደርቋል፤ ሥሩ ግን እርጥብ ነው። ከውስጡ ሁለት ሁለት ወፍራም ቅጠል ያወጡ ቡቃያዎች ተጠጋግተው፣ እየተጋፉ ወጥተዋል። አንዱን ስስበው ሥሩ ከቁመቱ ይልቅ ረዝሞ መጣ። ቀጥሎ ያለውን እበት ገለበጥኩ፤ ያው ነው። ቀና ብዬ ሜዳውን ሳየው እበቱ እስከ ዓይኔ ዳርቻ ተበትኗል። እኛ ያንን ሁሉ ውሃ ማፍላታችንና ከረጢት መሙላታችን ትዝ ሲለኝ ጉልበቴ ራደ።

አሁን ደግሞ ከሌሎች ጥናት ያወቅሁትን ልናገር። በአፋር ብቻ ዛፉ የወረረው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል፤ ከክልሉ ስፋት ከአንድ አሥረኛ በላይ ማለት ነው። በዓመት የሚምገው ውሃ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። የዚህ ዛፍ ዘር የአንዱ ሥር በአሜሪካ አሪዞና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ ተገኝቷል፤ ሣር በዚህ ውድድር የት ይደርሳል? ከጥቅጥቁ ጥላ ሥር መሬቱ ራቁቱን ነው። እሾኹ የግመልና የከብት እግር ወግቶ ያቆስላል። በወንዙ ዳር እንደ ግድግዳ ስለቆመ ለመጠጣት የሚወርድ መንጋ በጠባብ ቀዳዳ ተሰልፎ ያልፋል፤ ጅብና አንበሳ ደግሞ እዚያው ውስጥ ይሸምቃሉ። በግልጽ ሜዳ ላይ በዓይኑና በእግሩ የሚተማመነው የሜዳ አህያ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ውስጥ አይገባም።

ኬንያ ውስጥ በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ የኢልቻሙስ አርብቶ አደሮች፣ በዚሁ ዛፍ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥታቸውን ከሰዋል። ለማስረጃም ጥርሷ ያለቀ ፍየል ፍርድ ቤት አቅርበው ነበር፤ ጣፋጩ ፍሬ ጥርሷን ጨርሶት። ይህን ዜና ሳነብ ሌላው ሰው ሳቀ። እኔ ራሴን በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አየሁት። የአፋር ፍየሎች ግን የትም አልቀረቡም፤ እኔንም የከሰሰኝ የለም። ጡረታዬ ሳይቆረጥ በየወሩ ይደርሰኛል።

ማመካኛ አጥቼ አልነበረም። «ትእዛዝ ነበር» እላለሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ «በሽማግሌ በኩል ጥያቄ ተነሥቷል» ብዬ እንዳልጽፍ ያዘዘኝ አልነበረም። «እኔ ባልተክለው ሌላው ይተክለው ነበር» እላለሁ። ይህም እውነት ነው፤ የሌላው መትከል ግን የኔን ጉድጓድ አይደፍነውም። «በቅን ልቦና ነው» እላለሁ፤ ይህች በጣም የተመቸችኝ ነበረች። ቅን ልቦና ግን ለመጠየቅና ለመስማት ካልዋለ ምን ይሠራል? ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ቆመው የጠየቁኝን ለመመለስ ዕውቀት ቢያንሰኝ እንኳ «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ያቺን ቃል ባወጣ ያኔ ሥልጣኔ የሚቀንስ መሰለኝ።

በደሌ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከዓመታት በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ የግጦሽ መሬት መልሶ እንዲያገግም በሚያደርግ ሥራ ላይ ተመደብኩ። ካሣ የምከፍልበት ዕድል መጣልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ከሜዳው ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ ለከብትም ለዱር እንስሳትም ማለፊያ የሚሆን ሰፊ መንገድ ልንከፍት አቀድን። ዶዘር ገባ፤ ዛፉ ተገፍቶ ወደቀ፤ መሬቱ ተራግፎ ቀላ። ፎቶ ተነሣን። በሪፖርቱ ላይ «ከመጤ ዛፍ የጸዳ መሬት» ተብሎ በሄክታር ተመዘገበ።

ከቀጣዩ ዝናብ በኋላ ያ ቀይ መሬት በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። መሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶ አንድ በነበረው ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጦች ተነሥተዋል። ዶዘሩ ያገላበጠው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ዘር ደግሞ ፀሐይና ውሃ አገኘ። ዛፉን አንሥተን በቦታው ምንም አላስቀመጥንም ነበር። ባዶ መሬት ማየት የማያስችለው ያ የደጋ ልጅ፣ በዚህኛው ዙር ራሱ ባዶ መሬት ሠርቶ ፈረመበት።

ከዚያው ሥራ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ይከነክነኛል። የተቆረጠውን እሾኻማ ቅርንጫፍ ምን እናድርገው ስንል «አጥር ይሁን» ተባለ፤ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሣሩ እንዲያገግም የከለልነውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በእሾኽ አጠርነው። አንድ እረኛ ልጅ እጄን ይዞ ወሰደኝና መሬት አሳየኝ። የሜዳ ፍየል ኮቴ ነው። ከሜዳው ቀጥ ብሎ መጥቷል፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆሟል፣ አፈሩ ተረግጦ ለስልሷል። ከዚያ በአጥሩ ጥግ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ ወደ ግራ ሄዷል፣ ተመልሷል። በመጨረሻም ወደ መጣበት ዞሯል። ወንዙ ከአጥሩ ወዲያ ነበር። ልጁ ምንም አላለኝም፤ ጣቱን ከኮቴው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደኔ አመላከተ። «የዱር እንስሳት መተላለፊያ» የሚል ሰሌዳ የተከልነው ከዚያው አጥር ላይ ነበር።

ሥራውን በትክክል የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያስተማሩኝም የቦታው ሰዎች ናቸው። ጉቶው ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ሥሩን በዶማ ገላልጦ፣ ቀንበጥ ከሚያወጣው አንገቱ ዝቅ ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ እሾኹ ጓንት ይበሳል። ቡቃያ የሚነቀለው ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሳይጠነክር ነው፤ ከጠነከረ በእጅ አይወጣም። ፍሬው በሚረግፍበት ወቅት ከወረራው ውስጥ የዋለ ከብት ወደ ንጹሕ ሜዳ ከመነዳቱ በፊት፣ በሆዱ ያለውን ዘር እስኪያወጣ ጥቂት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ይህን መወሰን የሚችሉት የጎሣ ሽማግሌዎች እንጂ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሣሩን መመለስ ነው። ያገሬው ሣር ዘር ገበያ ላይ አይሸጥም። ከድሮ ግራሮች ሥርና ከብት ካልደረሰባቸው ጥጋጥጎች ሴቶች ዛላውን በመዳፋቸው እየሸመጠጡ ይለቅማሉ። ዘሩ ከጠጉር የማይከብድ፣ ነፋስ ሲመጣ ከእጅ የሚበር ነገር ነው። ስለዚህ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ተለውሶ፣ ዋናው ዝናብ ከርማ ከመግባቱ በፊት፣ ውሃ እንዲይዝ በጨረቃ ቅርጽ በተጫረ መሬት ላይ ይበተናል። በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም። ከወጣም በኋላ አብቦ፣ ዘር አፍርቶ፣ ዘሩ እስኪወድቅ ከብት መግባት የለበትም። የተከለለው ቦታ ይታጠራል፤ ነገር ግን በእንስሳቱ መንገድ ላይ በሁለቱም ጫፍ ክፍት በር ይተዋል፤ በሩም የሚተወው እረኞቹ ኮቴ ባሳዩበት እንጂ ካርታው ባሳየበት አይደለም። ግራሩና የወንዝ ዳሩ ነባር ዛፍ አይነካም።

ውጤቱ ለፎቶ አይመችም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለው ሣር ሣር አይመስልም፤ ተበታትኖ የቆመ ጭራ ነው። ምስጥ ይመጣል፣ ዥግራ ይመጣል። ሣሩ ጉቶ ከሠራ በኋላ የሜዳ ፍየል ጠዋት ጠዋት በዳሩ ይታያል። የሜዳ አህያ እስኪያምነን ገና ብዙ ይቀራል፤ እኔ በሕይወቴ ላላየው እችላለሁ፤ አያስቆጨኝም። የሚያስቆጨኝ ከእንዲህ ዓይነት ቁራሽ መሬት ወጥቼ አሻቅቤ ስመለከት ወረራው በየዓመቱ ከምናጸዳው ይልቅ ሲገፋ ማየቴ ነው።

«ከሰል ይደረግና ይለቅ» የሚሉ አሉ። እኔም ብዬው ነበር። በጅቡቲ መንገድ ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ብዙው ከፕሮሶፒስ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም ሆኗል። ነገር ግን ከሰል አክሳይ የሚፈልገው ግንዱን ነው፤ ጉቶውን በዶማ የሚቆፍርበት ምክንያት የለውም፤ የተቆረጠው ደግሞ በዝቶ ይበቅልለታል። በፕሮሶፒስ ስም ግራርም ተቆርጦ አብሮ ይከስላል፤ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ይለየዋል? የአፋር የባህል ሕግ እርጥብ ግራር ከሥሩ መቁረጥን ሲከለክል ኖሯል። እኛ ባመጣነው ዛፍ ሰበብ እሱም ተሸረሸረ።

ዛሬ በአገራችን ችግኝ በገፍ ይተከላል። ለተራቆተ የደጋ ተዳፋት ይገባዋል፤ እኔም በተወለድኩበት ቀበሌ እተክላለሁ። ነገር ግን ወደ ቆላ ግጦሽ ችግኝ ጭናችሁ የምትወርዱ ወጣት ባለሙያዎች፣ እንደ ታላቅ ወንድም ልለምናችሁ። ሜዳ ደን ለመሆን ተራውን የሚጠብቅ መሬት አይደለም። በበጋ ሄዳችሁ ቢጫ ስላያችሁት ብቻ አትፍረዱበት፤ ዝናብ ሲጥል ተመለሱና እዩት። የሰማችሁትን የሰማሁት ነው በሉ። የሚጠይቃችሁ ሽማግሌ ካጋጠማችሁ ምሳችሁ ይቅርባችሁ።

«ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም» ይላሉ አበው። ተረቱ ልክ ነው፤ ብልሁም ሞኙም አልነቀሉትም። እየነቀሉት ያሉት ሲተከል ያልተጠየቁት ሰዎች ናቸው። የአፋር ሴቶች ከዝናብ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው እየደማ ቡቃያ ይለቅማሉ። የቀን አበላቸው በፕሮጀክት ዘመን ይመጣል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይቆማል፤ ቡቃያው ግን አያቆምም። በየመልሶ ማገገሚያ ዕቅዱ ውስጥ ለመክፈቻው ቀን በጀት አለ፤ ለአሥረኛው ዓመት ነቀላ ግን የለም። ይቅርታ ማለት ቀላል ነው፤ እኔም እላለሁ። ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ግን እኛ አስተካዮቹና የላከን መንግሥት መክፈል ይገባናል፤ መሬቱ በሣር እስኪሸፈን፣ መንገዱም እስኪከፈት ድረስ በየዓመቱ። በመዝገቡ ላይም እርዳታ ተብሎ አይጻፍ፤ ዕዳ ተብሎ ይጻፍ።